«ጋዙ አልቋል» ስትባሉ

ፍሪጇ አላቀዘቅዝ ያላት እናት ባለሙያ ስታስጠራ፣ ዘወትር የምትሰማው «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ እየነደደ የሚያልቅ አይደለም፤ በታሸገ ቧንቧ ውስጥ እየተዘዋወረ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ከጎደለ የሾለከበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ማስሞላት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ገንዘብም ምግብም ይባክናል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ «የሾለከው ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው በቧንቧው ናይትሮጅን ሞልቶ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውኃ ሲቀባቸው፣ አረፋ የሚኩረፈረፍበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ከተበየደ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ ጋዙ የሚሞላው ከዚያ ወዲያ ነው። ዓይነቱና መጠኑም በፍሪጁ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን። አር-600ኤ የሚል ከሆነ በእሳት የሚያያዝ ጋዝ ነውና፣ መሹለኩ ሲጠረጠር መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አትለኩሱ፤ ማብሪያና ማጥፊያም አትንኩ።

ብዙ ጊዜ ቀዳዳውን የምትከፍተው በረዶ ለመፈቅፈቅ የምትነሳው ቢላዋ ናት። በረዶ ሲጋገር ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ በራሱ ይቅለጥ። ሙቅ ውኃ በሳህን ቢቀመጥበት ይፈጥናል።