ስለ «ይርጋ» ቃል አጠቃቀም

ከሕግ ቃላት አንዳንዶቹ በር ይከፍታሉ፤ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። ከሚዘጉት አንዱ «ይርጋ» የሚለው ነው። ረጋ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ክርክሩ ይብቃ፥ ነገሩም በያዘው ይጽና ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን በፈረንሳይኛ ሲያረቅቁ፥ በቋንቋቸው ይህን ሐሳብ የሚገልጸው ቃል «ፕሬስክሪፕሲዮን» ነበረ። ኢጣሊያኖችም «ፕሬስክሪሲዮኔ» ይሉታል። መሠረቱ ላቲን ሆኖ «አስቀድሞ መጻፍ» ማለት ስለ ሆነ ላልተማረው ሰው ምንም አይነግረውም። አማርኛው ግን ሥራውን በስሙ ይናገራል።

ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱና በየገበያው የቆየ ጉዳይ ሁሉ «ይርጋ አግዶታል» ሲባል ይሰማል። በዚህ አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ክልክል ማለት ሕግ ከመጀመሪያው እንዳይደረግ ያዘዘው ነው። ፈራሽ ማለት ከተደረገ በኋላ ሕግ የማያጸናው ነው። በይርጋ የታገደ ማለት ግን መብቱ በርግጥ የነበረ፥ ነገር ግን ባለመብቱ በጊዜው ስላልጠየቀ በክስ ማስፈጸም የተከለከለ ነው።

ሕጉም ልኩን ወስኗል። በ1845ኛው አንቀጽ መሠረት ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ከውል የሚነሣ ክስ በ10 ዓመት ይታገዳል። ቆጠራው የሚጀምረው ውሉ ከተጻፈበት ቀን ሳይሆን ዕዳው ሊጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ነው። ባለዕዳው በመካከሉ ወለድ ቢከፍል፥ ከዕዳው ጥቂት ቢያቃልል ወይም ዋስ ቢጠራ ቆጠራው ይቋረጥና እንደ ገና ከአንድ ይጀመራል። ከሁሉም የሚበልጠው በ1856ኛው አንቀጽ የሠፈረው ነው፤ ይኸውም ባለዕዳው ራሱ ካልተቃወመ በቀር ዳኛ ይርጋን በገዛ ፈቃዱ አያነሣም።

ለምሳሌ ያህል፥ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከ12 ዓመት በፊት በዱቤ ስለ ተሸጠ ቡና የተፈረመ ወረቀት ይዛ ክስ ለማቅረብ ትመጣለች እንበል። ጸሓፊው ቀኑን ብቻ አይቶ «በይርጋ ታግዷል» ብሎ ቢመልሳት፥ ባለዕዳው ከ4 ዓመት በፊት ከፊሉን ከፍሎ እንደ ሆነ ማን ይጠይቅላታል? ደግሞስ ባለዕዳው እግዚአብሔርን ፈርቶ መቃወሚያውን የማያነሣ ሰው ቢሆንስ? ዳኛ እንኳ በራሱ ሊያደርገው የማይችለውን ጸሓፊ በአንድ ቃል አደረገው ማለት ነው። ሴቲቱም የሕግን ስም ሰምታ ዝም ትላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የመንግሥት ሠራተኛ ቃል እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ይህ ማለት ይርጋ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ደረሰኝ ይጠፋል፤ ምስክር ይሞታል፤ ነጋዴም መዝገቡን ለዘለዓለም ሲጠብቅ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ክርክር መጨረሻ እንዲኖረው የግድ ነው። ነገር ግን በር የሚዘጋ ቃል መዝጋት በሚገባው እጅ ይሁን።

እንግዲህ ይህን ቃል በደብዳቤ የሚጽፍ ሹም አንቀጹን፥ ቆጠራው የተጀመረበትን ቀንና መቃወሚያውን ያነሣውን ሰው አብሮ ይጻፍ። እነዚህን መጻፍ ካልቻለ «ጉዳዩ የቆየ ነው» ብሎ ወደ ዳኛ ይምራው። ነጋዴም በበኩሉ ዘመኑ ሳያልፍ ከባለዕዳው ጥቂትም ቢሆን ተቀብሎ በፊርማ ያስረግጥ። ሕግ የሚዘጋውን በር ሕግ ይዝጋው፤ ስንፍናና ችኮላ ግን የሕግን ስም ለብሰው በር ሊዘጉ አይገባም።