ቀጠሮ ፍትሕ አይሆንም



ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። ውሳኔ እንጂ ቀጠሮ አላለም።

የ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቻርተርና ማሻሻያው የቀበሌ ቤት ክርክርንና የወራሽነት ማስረጃን ለከተማው ፍርድ ቤቶች ሰጥተዋል። ክፍለ ከተማችን ኮልፌ ቀራንዮ ግን ከአጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ ሰፍቷል። ችሎትና ዳኛ በዚያው ልክ ካልተጨመረ፣ ባሏ የሞተባት እናት ሟች በባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለልጆቿ ማውጣት አትችልም፤ የቀን ሠራተኛውም በየቀጠሮው የዕለት እንጀራውን ያጣል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ተጨማሪ ችሎቶች በየአካባቢው እንዲከፈቱ፣ ዳኞችም በችሎታቸው ብቻ እንዲሾሙ ይታገላል። ከሕግ በቀር ሌላ የሚፈራ ዳኛ ቢበዛ ፍትሕ አይበዛምና።

ዳኞቹን የሚሾመው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም ሕዝብ ሕጉን በደጁ ሊያገኘው ይገባል!