የባሕሩ ርቀት ለአገር ውስጥ መጓተት ሰበብ አይሁን!

የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በጣም በጠበበበት ሥፍራ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ ወዲህ እስያንና አውሮፓን የሚያገናኘው የመርከብ ንግድ ዋነኛ በር ይኸው ነው። ትንሿ ጂቡቲ የአሜሪካን፣ የፈረንሳይን፣ የጃፓንን፣ የጣሊያንንና የቻይናን ጦር በአንድ ጊዜ የምታስተናግደው የዚህ በር ጎረቤት በመሆኗ ነው።

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች የንግድ መርከቦችን ሲያጠቁ፣ ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች መላ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ለመዞር ተገደዋል። ጉዞው ረዘመ፤ የነዳጅና የመድን ወጪው ናረ። ሉላዊነት ርቀትን አሸንፏል ሲባል የኖረው፣ በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ እንደሚሠራ ታየ።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። የማዳበሪያን ጉዞ እንመልከት። ጂቡቲ ላይ ከመርከብ ይራገፋል፣ በከረጢት ይሞላል፣ በከባድ መኪና ተጭኖ በጋላፊ ድንበር በኩል ይገባል፣ ከዚያም እስከ ወረዳ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ይጓዛል። በመንገዱ ላይ የባከነ እያንዳንዱ ቀን ከገበሬው የዘር ወቅት ላይ ይቀነሳል። ክረምቱ ማንንም አይጠብቅም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በመልክዓ ምድር ላይ መጫን ስህተት ነው። የኤርትራዋ ወደብ አሰብ ዛሬም እዚያው ቀይ ባሕር ዳር ናት። ለኢትዮጵያ ዕቃ የተዘጋችው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ነው። ባሕሩን የሰጠን ተፈጥሮ ቢሆንም ወደቡን የዘጋው ፖለቲካ ነው፤ ፖለቲካ የዘጋውን ደግሞ ፖለቲካ ሊከፍተው ይችላል።

ስለዚህ ኢትዮጵያ የባሕር በር ጥያቄ ማንሳቷ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በድርድርና በጋራ ጥቅም እንጂ በጦርነት ሊገኝ አይገባም። ጦርነት ያለውንም በር ይዘጋል። በአንድ ወደብ ላይ መንጠልጠል አደጋ ስለሆነ በሶማሌላንድ ያለው የበርበራና የሌሎች ወደቦች አማራጭ በስምምነት ይስፋ። ጎረቤቶችም የኢትዮጵያ ገበያ የራሳቸውም ሀብት መሆኑን ይገንዘቡ።

ድርድሩ ጊዜ ይወስዳል። የጉምሩክ መጓተት፣ የኬላ ብዛት፣ የመንገድ ብልሽትና የግዥ መዘግየት ግን የማንንም ጎረቤት ፈቃድ አይጠይቁም። መንግሥት በእጁ ያለውን ዛሬውኑ ያስተካክል!