የትምህርት ቤቱ ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች፥ በፋርታም ሆነ በጋይንት፥ በእስቴም ሆነ በስማዳ፥ ልጁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚሰድድ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ሲያደርግ እናያለን። አንደኛው «መንግሥት የከፈተውን መንግሥት ያውቃል» ብሎ ልጁን ብቻ ሰጥቶ ይመለሳል፤ ሁለተኛው መዋጮ በተጠየቀ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ለምንድን ነው?» እያለ እያጉረመረመ ይከፍላል። ገንዘቡ ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ በርሱም ላይ የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ትምህርት ቤቶቻችን አስተዳደር፥ ስለ ገንዘባቸውና ስለ ፍሬያቸው ከውድ አንባቢዎቻችን ጋራ ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርቱን ሥራ ከማዕከል ወደ ክልል፥ ከክልልም ወደ ታች እንዲወርድ አደረገ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ወረዳዎች በየምክር ቤታቸው የራሳቸውን በጀት እንዲያጸድቁ ሥልጣን ተሰጣቸው። እንግዲህ አንድ የፋርታ መምህር ደመወዙን የሚቀበለው አዲስ አበባ ካለው ሚኒስቴር ሳይሆን ከወረዳው ነው። ሚኒስቴሩ የትምህርቱን ደረጃ ይወስናል፥ የ12ኛውንም ክፍል ፈተና ያስፈትናል፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮ የ6ኛውንና የ8ኛውን ክፍል ፈተና ይመራል፤ የዞኑ መምሪያ ይደግፋል፥ ይቆጣጠራል፤ የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትከሻ ላይ ነው። የደብረ ታቦር ከተማ የራሷ አስተዳደር ስላላት ከፋርታ ወረዳ ጋራ በጀቷ አንድ አይደለም። ስለ ሆነም በከተማው ዳርቻ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች፥ ልጆቻቸው በአንድ ገበያ እየተገናኙ፥ ከተለያየ መሶብ የሚቈርሱ ሆነው ይገኛሉ።

ከወረዳውም በታች ሌላ ወንበር አለ፤ አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉት የምንፈልገውም ይህንን ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፥ በየትምህርት ቤቱም የወላጅና መምህር ኅብረት ይቋቋማል። ቦርዱ የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ይመረምራል፥ የገንዘቡን አወጣጥ ይቆጣጠራል፥ የርእሰ መምህሩን ሥራ ይከታተላል፤ ኅብረቱም የሚመረጠው ከወላጆችና ከመምህራን መካከል ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ የሕዝብ አስተዳደር የለም ለማለት ያስደፍራል። ይሁን እንጂ ለአንድ ሰው የሣጥን ቁልፍ መስጠትና በሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ማኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የገንዘቡ መንገድ እንዲህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጋፍ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ይከፋፈላል፤ ክልሉም በፊናው በሌላ ቀመር ለወረዳዎቹ ያድላል። ይህ ገንዘብ ጥቅል በጀት ይባላል፤ ጥቅል የተባለውም ለትምህርት ይህን ያህል፥ ለጤና ያንን ያህል ተብሎ ተቈርጦ ስለማይመጣ ነው። ቈርጦ የሚያከፋፍለው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ ብዙውን ጊዜ ትምህርት ይወስዳል፤ ከትምህርቱም ድርሻ አብዛኛውን ደመወዝ ይበላዋል። ይህን ስንል መምህራኑን መንቀፋችን አይደለም፤ ከጉና ግርጌ በብርድ አገር፥ ከከተማ ርቆ በጭቃ ቤት የሚያድር መምህር ደመወዙ በዝቶ የተረፈው መሆኑን የሚናገር ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ነገር ግን ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለጠመኔ፥ ለወንበር፥ ለጣሪያ ጥገናና ለመጻሕፍት የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ቦርዱ የሚመክረውም በዚሁ ፍርፋሪ ላይ ነው።

ይህን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት፥ የውጭ አበዳሪዎችና ለጋሾችም ተጨምረውበት፥ ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቍጥር የሚታሰብ የድጎማ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ለብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ይህ ከደመወዝ ውጭ በእጃቸው የገባ የመጀመሪያው የታወቀ ገንዘብ ነበር። በራስ ቍጥር የሚታሰብ ገንዘብ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ተማሪው ሲቀር ገንዘቡም አብሮ ይቀራል። የሚያፈስሰው ጣሪያ ግን ልጆች ስለ ቀሩ አይጠብም።

ከዚህ ሌላ ያለው የትምህርት ቤቱ የራሱ የውስጥ ገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንዘገይ ደስ ይለናል፤ ወላጅ በዓይኑ ሊያየውና በእጁ ሊቈጥረው የሚችለው ይህ ነውና። በደጋው አገራችን ባሕር ዛፍ ያልተከለ ትምህርት ቤት አይገኝም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ ሲሸጥም ከዓመት ድጎማ የማያንስ ገንዘብ ሊያመጣ ይችላል። ሣሩ ይታጨዳል፤ የእርሻ ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ለእኩል ወይም ለሲሶ ያሳርሳል፤ በከተማ ያለው ደግሞ በአጥሩ ጥግ ሱቅ ሠርቶ ያከራያል። በዚህ ላይ የወላጅ መዋጮ ይታከላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ዛፉ በጨረታ ተሸጠ ወይስ በመንደር ስምምነት? በስንት ተሸጠ? ሲሸጥስ ከኅብረቱ ማን ቆሞ ነበር? ገንዘቡ ሲገባ ሞዴል 64 ደረሰኝ ተቈርጦለታልን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ አባት ጠበኛ ወይም ነገረኛ ተብሎ እንዳይቈጠር እንወዳለን። ሕጉ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ንጹሕ ርእሰ መምህርም ቢጠየቅ ስሙ ይጠራለታል እንጂ አይጐዳም። ሒሳብ በግልጽ ያልተነገረበት መዋጮ ግን በሚመጣው ዓመት ሲጠየቅ የሚያመጣው ማጉረምረም ብቻ ነው።

የዛሬውን ለመመዘን የቀድሞውን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1940 ዓ.ም. ስለ ትምህርት ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በመሬት ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ በየጠቅላይ ግዛቱ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ የበጌምድር ገበሬ ግን ግብሩን እየከፈለ ትምህርት ቤት ሳያይ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በብዛት የተከፈቱት በአዲስ አበባ፥ በሸዋና በኤርትራ ነበርና። ከዚያም ቀድሞ፥ ከዚያም ጋራ ጐን ለጐን፥ የአብነቱ ትምህርት ነበረ። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፥ በዙር አባም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ሲሰጥ መምህሩን ያኖረው የሰሞንና የሪም መሬት፥ ተማሪውን ያኖረው ደግሞ አኩፋዳውን ተሸክሞ በየደጁ የሚለምነው ቍራሽ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ የመምህሩ መቋቋሚያ ተነካ፤ የተማሪውን ቍራሽ ግን የመንደሩ ሰው አላቋረጠም። ይህን የምናነሣው መንደሩ የኔ ያለውን ትምህርት እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ በአካባቢያችን የታወቀ ምሳሌ ስለ ሆነ ነው።

በአሜሪካ አገር የትምህርት ቤት አስተዳደር ክልል የሚሉት አለ፤ በአብዛኛው ሕዝብ በመረጠው ቦርድ ይመራል፥ ከቤትና ከመሬት በሚሰበሰብ ግብርም ገንዘቡን በከፊል ራሱ ያገኛል። ይህን ሰምቶ የሚቀና ሰው ቢኖር፥ በዚያ ሥርዓት ቤቱ ውድ የሆነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም የጠገበ፥ ድኻው ሰፈር ደግሞ ትምህርት ቤቱም ድኻ መሆኑን አብሮ ይወቅ። ስማዳና እብናት በራሳቸው ግብር ብቻ ትምህርት ቤት ይሥሩ ቢባል በድርቅ ዓመት ምን ሊሰበስቡ ነው? በቀመር ማካፈሉ ከዚህ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ቅሬታችን ቀመሩ ከደመወዝ ያለፈ ነገር ለትምህርት ቤቱ የማያደርስ በመሆኑ ነው።

ወደ ፍሬው እንለፍ። የ12ኛው ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ የተገኘውን ውጤት አገር ሁሉ ሰምቶታል፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3 ከመቶ፥ በ2015 3.2 ከመቶ፥ በ2016 5.4 ከመቶ፥ በ2017 8.4 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 መሆናቸው ተነግሯል። ቍጥሩ ከ2015 ወዲህ ከፍ ማለቱ ባይካድም፥ ከመቶ ልጆች ዘጠና የሚሆኑት የሚወድቁበትን ፈተና የልጆቹ ስንፍና ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለኅሊና የሚቀል አይደለም። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት ልጆች ዘጠና ከመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገምቷል። እንግዲህ በ12ኛ ክፍል የሚታየው ውድቀት የተዘራው በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ነው። መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በኢንስፔክሽን ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይመድባቸዋል፤ ደረጃውን አሟላ የሚባለው ሦስተኛው ሲሆን፥ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ወላጅ ግን የኢንስፔክተሩን ወረቀት መጠበቅ አያስፈልገውም። ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጁን በእሳቱ ዳር አስቀምጦ አንድ ገጽ ያስነብበው፥ ያነበበውንም በቃሉ እንዲነግረው ይጠይቀው። ራሱ ማንበብ የማይችል አባት እንኳ ልጁ ሲንተባተብ ይሰማል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ ወደ ጋይንት ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቷል። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከአራት ሚሊዮን እንደሚበልጡ ተገልጿል። አራት ሚሊዮን ማለት ለአፍ ቀላል ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሲታይ ግን፥ አራተኛ ክፍል ሳለች የቀረች ልጅ ስትመለስ የሰባተኛ ክፍል ዕድሜ ይኖራታል፤ ከታናሽ ወንድሟ ጋራ በአንድ ወንበር መቀመጥን ታፍራለች። እቤት በዋለች ቍጥር ደግሞ የሽማግሌ መላክ ወሬ ይቀርባል፤ በሕግ 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ እንደማይፈቀድ እያወቅን ዝም የምንልበት ቤት ጥቂት አይደለም። ወንዱም ከብት ጥበቃውን ወይም የቀን ሥራውን ከለመደ በኋላ ደብተር ያዝ ቢሉት እሺ አይልም።

ሰላምን ማውረድ የወላጅና መምህር ኅብረት ሥልጣን አይደለም። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ማግሥት ማን ማን እንዳልተመለሰ ማወቅ ግን ከርሱ በቀር የሚችለው የለም። ወረዳው ቍጥር ያውቃል፤ የልጁን ስም፥ የአባቱን ደጅና የቀረበትን ምክንያት የሚያውቀው ጐረቤት ነው። ስለዚህ ኅብረቱ የአምናውንና የካቻምናውን የስም መዝገብ ይዞ ቤት ለቤት ቢሄድ፥ ከየትኛውም ዓይነት መዋጮ የበለጠ ሥራ እንደ ሠራ እንቈጥርለታለን። ስለ መዝገብ ካነሣን፥ ሮስተሩ የተቃጠለበት ልጅ የተማረባቸውን ዓመታት በምን ያስመሰክራል? የሮስተሩ ግልባጭ በወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ ማድረግ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ወላጅም የልጁን ካርድ ከግብር ደረሰኙ ጋራ ሸክፎ ቢያኖረው መልካም ነው።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ለወረዳው የሚቀርበው ከዚያ አስቀድሞ ስለ ሆነ፥ የጣሪያውንና የወንበሩን ነገር በመስከረም የሚያነሣ ወላጅ እንግዳው ከሄደ በኋላ ድግስ እንደሚያሰናዳ ሰው ነው፤ ጊዜው ሚያዝያና ግንቦት ነው። ስብሰባውም ገበሬው በእርሻ ላይ በሚውልበት ቀን እየተጠራ «ወላጅ አልመጣም» ሲባል እንሰማለን። በአገራችን በ12ኛውና በ21ኛው ቀን በሬ እንደማይጠመድ የታወቀ ነውና፥ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ሰው አይጐድልም። በዚያም ቀን እናቶች ከኋላ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ብቻ አይደረግ፤ ከኅብረቱ መቀመጫዎች መካከል የነርሱም ድርሻ ይኑርበት። ልጁ ቤት ገብቶ ደብተሩን ከፍቶ ወይም ሳይከፍት ማደሩን ከነርሱ አብልጦ የሚያውቅ የለም።