አያታችን «ሙንታዝ»



በየቤታችን ስሙ የሚጠራ፣ ታሪኩ ግን የማይነገር አያት አይጠፋም። በእኛ ቤት እኚህ ሰው አባባ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ከምፅዋ መጥተው ካዛንቺስ እንደ ኖሩ፣ ጎረቤቱም «ሙንታዝ» እያለ ይጠራቸው እንደ ነበር እናውቃለን። ከዚያ ያለፈ የጠየቀ ልጅ «ነጋዴ ነበሩ» ተብሎ ሱቅ ይላካል። ዐረብኛ የሚማረው የወንድሜ ልጅ «ሙምታዝ ማለት እኮ እጅግ በጣም ጥሩ ማለት ነው» ብሎ ሲያበስረን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አክስቴ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ዕቃ ስንሸክፍ ከሳንዱቁ ሥር አንዲት ረጅም፣ የደበዘዘች የሱፍ መቀነት ወጣች። ሴት የምትታጠቀው ዓይነት አይደለችም። አክስቴ ከእጄ ወስደው ጠቀለሏት።

ነገሩ የገባኝ መጻሕፍት ማገላበጥ ስጀምር ነው። በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛቱ ያደረገው ጣሊያን የአገሩን ልጆች አስካሪ እያለ ለጦሩ ይመለምል ነበር። ከተራው አስካሪ በላይ ያለው ማዕረግ «ሙንታዝ» ይባላል፤ ከዚያ ቡሉቅባሽ፣ ከዚያም ሹምባሽ። እያንዳንዱ ሻለቃ ደግሞ የሚለይበት የመቀነት ቀለም ነበረው። የእኛ «እጅግ በጣም ጥሩ» በዚሁ አበቃ።

የሰፈሩ ስም ራሱ የዚያው ዘመን ትራፊ ነው። «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም ስም ምሕፃር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ጠላት በ1933 ሲባረር ስሙን ለሰፈሩ ትቶ ሄደ። አባባንም ትቷቸው ሄደ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሊቢያ ነው። ከ1904 ዓ.ም. ጀምሮ የኤርትራ አስካሪዎች በመርከብ እየተጫኑ ወደዚያ ይዘምቱ ነበር። «የበረሃው አንበሳ» የተባለውን ፊልም ያያችሁ በመስከረም 1924 ዓ.ም. የተሰቀሉትን ሼኽ ዑመር አል-ሙኽታርን ታስታውሳላችሁ። ግራዚያኒ እሳቸውን ባሳደደበት ጦር ውስጥ የኤርትራ ሻለቃዎች ነበሩበት። ያው ግራዚያኒ ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ የሊቢያ ሙስሊሞችን አሰልፎ በኦጋዴን በኩል ዘመተብን፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ያስፈጸመውንም ሁላችን እናውቃለን። አባባ ሊቢያ ኖረው ይሆን?

ባለፈው ዒድ አክስቴን ገላን ጉራ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «የሞተን ሰው በክፉ አታንሣ» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን የማነሣው ለመውቀስ አይደለም። ለደሞዙ ሲል የገባውን ድሃ፣ በጦርነቱ ዋዜማ በገፍ የተመለመለውን ወጣት፣ ሁሉንም «ባንዳ» ብሎ በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግፍ ነው። ጣሊያንን ከድተው ከአርበኞች ጋር የተሰለፉ አስካሪዎችም ነበሩ። አባባ ከየትኞቹ እንደ ሆኑ አላውቅም። ለልጆቼ «ነጋዴ ነበሩ» ማለት ግን ከእንግዲህ ውሸት ይሆንብኛል።

እናንተም የአያት ሳንዱቅ ስትከፍቱ ወረቀት ብቻ አትፈልጉ፤ ቁራጭ ጨርቅም፣ ጎረቤት ያወጣው የሚመስል ቅጽል ስምም ይናገራል። የካዛንቺስ ሽማግሌዎች ዛሬ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲያገናኛችሁ ጠይቋቸው፤ ወዲያውም ጻፉት።

አክስቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ቡናውን እየቀዱ «ሬዲዮው ስለ ትሪፖሊ ሲያወራ አጥፊው ይሉኝ ነበር» አሉ።

«ለምን?»

«እኔ ምን ዐውቄ! ከዚያ ተነሥተው ውዱእ ያደርጋሉ። የሶላት ሰዓት ሳይደርስ።»

ስወጣ መቀነቷን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ከመደብዘዟ የተነሣ ቀይ ትሁን ወይን ጠጅ መለየት አቅቶኛል። እሑድ ልጆቹን ሰብስቤ ፀሐይ ላይ ዘርግተን እናያታለን፣ ኢንሻአላህ።