የትኛውን መሣሪያ?

ባለፈው መስቀል ቡታጅራ፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ክትፎው ቀርቦ፣ ቆጮው ተቆርሶ፣ ቤቱ ከአዲስ አበባ በመጣ ዘመድ ጢም ብሎ ሳለ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ድንገት «እኔ ልመዘገብ ነው» አለ። የት? የወታደር ማርሽ ባንድ ሠልጣኝ ሊሆን! «ሥልጠናው በነፃ ነው፣ ደመወዝ አለው፣ መሣሪያም ይሰጡናል…» ብሎ ሳይጨርስ አክስቴ የያዘችውን ሰሃን ቁጭ አደረገች።

«መሣሪያ?»

«ኧረ እማ፣ ትራምፔት ነው የምልሽ!»

«እኔ እንጃ ልጄ። ለእናት ሁሉም አንድ መሣሪያ ነው።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም። እኔም ወልቂጤ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እስቲ አብረን እናስበው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ አላለፈም። ያን ዓመት ከ100 ተፈታኝ ያለፈው ወደ 3 ገደማ ብቻ እንደነበር አትርሱ። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን የሰው ሱቅ ይጠብቃል፣ ቅዳሜና እሁድ በተውሶ ኪቦርድ ሠርግ ይጫወታል። ጆሮው የሚገርም ነው፤ አንዴ የሰማውን ይደግመዋል። ኖታ ግን አያነብም። የሚያስተምረው ሰው አላገኘማ!

እና ይህ ልጅ ሙዚቃ መማር ቢፈልግ ወዴት ይሂድ? መልሱ የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም እዚህ ላይ ነው። የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት የነበረው መልስ ዛሬም አልተለወጠም፦ ወደ ካምፕ።

የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ እኮ ያደገው በወታደር ቤት ነው። ከ1888ቱ የአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነዚያ ናቸው። አብሯቸው የመጣው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከእሱ በኋላ የብዙ ኦርኬስትራ መምህር ሆነ። ልብ በሉልኝ፤ ከቀደምቶቹ የባንድ ሠልጣኞቻችን መካከል 40ዎቹ ሌላ ምርጫ ያልነበራቸው ልጆች ነበሩ።

ከዚያማ ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፏት ወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ቀጥሎ ክብር ዘበኛ ገባ። ብዙነሽ በቀለ ክብር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ፖሊስ። የእኛው የጉራጌ ልጅ ማሕሙድ አሕመድስ? መርካቶ ተወልዶ፣ ጫማ ጠርጎ፣ አሪዞና ክለብ በተላላኪነት ሲሠራ አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሲቀሩ መድረክ ላይ ወጣ። ቀጥሎ ክብር ዘበኛ ገባ፤ እስከ አብዮቱም ቆየ። በ1999 ዓ.ም. የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት የተቀበለው ይኸው ሰው ነው።

ወታደር ቤት ለእነዚህ ሰዎች የሰጠው ነገር ቀላል አይደለም። ደመወዝ፣ መሣሪያ፣ መለማመጃ ቦታ፣ ኖታ የሚያነብ መምህር። ከሁሉም በላይ ግን ክብር! «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ልጁን የሚያባርር አባት «የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነው» ሲባል ዝም ይላል። ዩኒፎርሙ የሙዚቀኛውን ነውር ሸፈነለት ማለት ነው። (ነውሩ መጀመሪያውኑ የማን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እናወራለን።)

ሥልጠናው ራሱ ቀልድ አይደለም። የነሐስ መሣሪያ ጀማሪ ዘፈን ይጫወታል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አንዷን ድምፅ ይዞ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ነገም ያችኑ፣ ከነገ ወዲያም ያችኑ። ከንፈር ያብጣል። ከዚያ ስኬል፣ ከዚያ ኖታ፣ ከዚያ ደግሞ ያን ሁሉ እየተራመዱ መጫወት። የተለመደው ፈጣን ማርሽ በደቂቃ 120 እርምጃ ነው። እግርህ ከተሳሳተ መሣሪያው ከንፈርህን ይመታሃል። ይህን ትምህርት በኪቦርድ ሠርግ አታገኘውም።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ አክስቴ የተናገረችው ነው። ዩኒፎርም ስትለብስ ድምፅህም ዩኒፎርም ይለብሳል። በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዥ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ጥላሁን ገሠሠ ታሰረ። የጦሩ ዘፋኝ ሆኖ የጦሩን ዕዳ ሳይቀምስ ማለፍ አልቻለም። ደግሞም የባንድ ሠልጣኝ መጀመሪያ ወታደር ነው። ከ2013 እስከ 2015 የሰሜኑን ጦርነት በቴሌቪዥን የተከታተለች እናት ትራምፔትና ክላሽ ቢምታታባት ማን ይፈርድባታል? «ባንድ ነው እኮ» ብዬ ላጽናናት ሞክሬ ነበር። አየችኝና «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ ባንድ የሆነ ሰው አይዘምትም ብለሽ ፈርመሽ ስጪኝ» አለችኝ። አልፈረምኩም።

እኔ ወታደር ቤት አይግባ አልልም። ከዚያ የወጣውን ሙዚቃ እየሰማሁ አድጌ እንዴት እላለሁ? የምለው አንድ ነገር ነው፦ በሩ አንድ ብቻ ከሆነ ምርጫ አይባልም። ሙዚቃን የሚወድ ልጅ ወታደርነትንም ከወደደ ይሂድ፣ እሰየው! ወታደርነትን ሳይወድ ለትራምፔት ብሎ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ነበረን። አምስቱ መስመሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስለው አይተናል፤ ለፈተናም ሸምድደናል። አንድም መሣሪያ ግን በዓይናችን አላየንም። ዋና በወረቀት እንደመማር ማለት ነው!

ወልቂጤም ቡታጅራም ዛሬ የዞን ከተሞች ናቸው። በየመስቀሉ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወገናችን መንገድ ሠርቷል፣ ትምህርት ቤት አሠርቷል። ለአንድ ክፍልና ለአሥር የነሐስ መሣሪያ የሚሆን ገንዘብ ይጠፋል? መምህርስ ቢሉኝ መልስ አለኝ፤ ዕድሜያቸውን በሠራዊትና በፖሊስ ባንድ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሙዚቀኞች አሉ። ካምፕ ውስጥ የተማሩትን ካምፕ ላልገባ ልጅ ያስተምሩ። አበል ይከፈላቸው፣ በክብር ይጠሩ። አገር ያወጣችባቸውን ዕውቀት መልሳ የምታገኝበት ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም።

የአክስቴ ልጅ እስከ አሁን አልተመዘገበም፣ አልተወውምም። ትናንት ደውሎ «ምን ትመክሪኛለሽ?» አለኝ። «ሄደህ ጠይቅ። ስንት ዓመት ታገለግላለህ? መልቀቅ ብትፈልግ ትለቃለህ? ዘመቻ ቢመጣስ? ሦስቱንም መልስ በጽሑፍ ይዘህ ለእናትህ አንብብላት» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አንቺ ከእማ ጋር ሆነሻል» አለኝ።

ሊሆን ይችላል። እናንተስ ከማን ጋር ናችሁ?