ጎማ ከየት ይገዛ?

ማንኩሳ ያለ ባለመኪና ጎማ ሲያልቅበት ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ይሄዳል፤ ወይም አዲስ አበባ ለሚመላለስ ዘመድ ብር ሰጥቶ ከመርካቶ ያስመጣል። መርካቶ ረከስ ሊል ይችላል። ልጆች የሚሳፈሩበትን መኪና ጎማ ግን ሳያዩ ባይገዙ እመርጣለሁ። ግድ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት የጎኑን ፎቶ ያስልኩ።

ጎኑ ላይ "ዶት" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው አራት ቁጥር ነው። ቁጥሩ በአንድ ወገን ብቻ ሊኖር ስለሚችል ጎማውን ያዙሩት። 2317 ካለ በ2017 ዓመት፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል። ሻጩ "የ17 ነው፣ ትኩስ ነው" ቢልዎ አይቸኩሉ፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው! በእኛ ሰኔ 2009 ገደማ መሆኑ ነው።

ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ 10 ከሞላው እንዲጣል ይመክራሉ። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ በቅናሽም አይወሰድ።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የሚያውቁትን ጎሚስታ ይዘው ይሂዱ፤ ውስጡን ዳብሶ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ካገኘ ይተዉት።